ላንቃ፣ ትናጋና ጉሮሮ፤ የአካል ክፍሎቹና የነርቮቻቸው አሰያየም

የአፍ ጣሪያ በአማርኛ «ላንቃ» ወይም «ትናጋ» ይባላል። በዕለታዊ ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ የሚያስከትለው ችግር የለም። የሕክምና ጽሑፍ ሲተረጎም ግን ሁለቱን ቃላት ለየብቻ መመደብ ያስፈልጋል። የአፍ ጣሪያ የፊተኛው ክፍል አጥንት ያለበትና የማይንቀሳቀስ ነው፤ የኋለኛው ክፍል አጥንት የሌለው፣ በጡንቻ የሚንቀሳቀስ ሲሆን በጫፉ እንጥል ተንጠልጥሎ ይገኛል። ለፊተኛው «ላንቃ»፣ ለኋለኛው «ትናጋ» ቢመደብ ለድምፅ ጥናትም ይስማማል፤ «የ» ሲነገር ምላስ ወደ ላንቃ፣ «ከ» እና «ገ» ሲነገሩ ወደ ትናጋ ይነሣልና።

«ጉሮሮ» በተለምዶ ከአፍ በስተኋላና በአንገት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። በሙያ ቃልነቱ ግን ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ እስከ 6ኛው የአንገት አከርካሪ አንጻር የሚወርደውን የጡንቻ ቱቦ ብቻ ሊያመለክት ይገባል። የድምፅ አውታሮች የሚገኙበት አካል «ማንቁርት» ይባላል። ጉሮሮ ከአፍንጫ፣ ከአፍና ከማንቁርት በስተኋላ ስለሚዘረጋ ሦስቱ ክፍሎቹ በእነዚሁ ስሞች ሊለዩ ይችላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ነርቭ» ነው። ባዕድ ቃልን ለመሸሽ ሲባል በ«ጅማት» መተካት የሚቻል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ነው፤ በትናጋ ውስጥም ሁለቱም ይገኛሉ። ትናጋን የሚወጥረው ጡንቻ ጅማት በአንድ የአጥንት መንጠቆ ዙሪያ ታጥፎ በትናጋ ውስጥ እንደ ሸማ ይዘረጋል፤ ጡንቻውን የሚያዘው ደግሞ የ5ኛው የራስ ቅል ነርቭ የታችኛው መንጋጋ ቅርንጫፍ ነው። እንግዲህ «የትናጋው ጅማት ተጎድቷል» ቢባል አንባቢው የትኛውን ይረዳ?

የቀሩትን የትናጋ ጡንቻዎች የሚያዘው 10ኛው ነርቭ ነው። የላቲን ስሙ «ቬገስ» ዘዋሪ ማለት ነው፤ ከራስ ቅል ተነሥቶ እስከ ሆድ ይዘልቃልና። ከአንድ ጡንቻ በስተቀር የጉሮሮንም ጡንቻዎች የሚያዘው እርሱ ነው። ያን አንዱን የሚያዘው 9ኛው ነርቭ ሲሆን፣ ስሙ «ምላስ» እና «ጉሮሮ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ስለዚህ የ«ጉሮሮ» ፍች ከላይ እንደተወሰነው ከጸና «የምላስና የጉሮሮ ነርቭ» የሚለው ስያሜ ያለ ችግር ይገኛል። የላንቃን ስሜት የሚያስተላልፈው የ5ኛው ነርቭ የላይኛው መንጋጋ ቅርንጫፍ ነው፤ የጉሮሮን ስሜት በአብዛኛው የሚያስተላልፈው 9ኛው ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም በሕሙም ዘንድ ይታያል። 10ኛው ነርቭ በአንድ ጎን ሲጎዳ፣ ሕሙሙ አፉን ከፍቶ «አ» በሚልበት ጊዜ የዚያ ጎን ትናጋ አይነሣም፤ እንጥሉም ወደ ጤነኛው ጎን ይሳባል። ተርጓሚው «ላንቃው አልተነሣም» ብሎ ቢጽፍ፣ ከቶ የማይነሣን አጥንት አልተነሣም ማለቱ ነው። «እንጥሉ ወደ ታመመው ጎን ዞረ» ብሎ ቢሳሳት ደግሞ ጉዳቱ በጤነኛው ጎን ይፈለጋል። ስለዚህ የአካል ስም ከመመደቡ አስቀድሞ የአካሉን ሥራና የሚያዘውን ነርቭ ማወቅ የተርጓሚው ተግባር ነው።