ሲመታ ስለሚበራ የከበሮ መምቻ፤ መሣሪያ ነውን ወይስ መጫወቻ?

ማናቸውም መሣሪያ የሚመሰገነው በመልኩ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ ነው። ማረሻ ቢያብለጨልጭ መሬት ካልገመሰ፤ ምሳርም ስለት ካልያዘ፤ የገዛው ሰው ገንዘቡን በከንቱ አጠፋ ይባላል። ይህን በእርሻና በቤት ዕቃ ረገድ የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ነገሩ ወደ ጨዋታና ወደ ሙዚቃ ሲመጣ ብዙ ሰው የታወቀውን ሚዛን ይረሳና ዐይኑን የሳበውን ሁሉ ለመግዛት ይቸኩላል። ዛሬ የምንመለከተው የከበሮ መምቻ ጉዳይ ትንሽ ነገር ቢመስልም፤ ይህን ሚዛን ለመፈተን የሚበቃ ምሳሌ ነው።

በአሁኑ ዘመን ፋብሪካዎች የሚያወጡዋቸው የከበሮ መምቻዎች ዐይነታቸው ብዙ ነው። ሲመታ የሚበራ አለ፤ ቀለሙን የሚለዋውጥ አለ፤ ከእንጨት ፈንታ ከአሉሚኒየም የተሠራ አለ፤ ከበሮ ሳይኖር በአየር ላይ ሲወዛወዝ በስልክ አማካይነት ድምፅ የሚያሰማም አለ። ወጣቱ እነዚህን በቴሌቪዥንና በስልክ ያያል፤ ካየም በኋላ ወላጆቹን «ይገዛልኝ» ይላል። ወላጆች የነገሩን ጠባይ ያላወቁ እንደ ሆነ፤ ወይ ልጁን ያለ ምክንያት ይከለክሉታል፤ ወይ ለዘርና ለደብተር የታሰበውን ገንዘብ ለማይረባ ዕቃ ይከፍላሉ። ያለ ምክንያት መከልከል የልጁን ተሰጥዎ ያቀዘቅዛል፤ ያለ ምርመራ መግዛትም ቤቱን ይጐዳል። ከጐንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኮኪት፤ ከሰሊጥ ወይም ከጥጥ ምርት በዓመት አንድ ጊዜ በሚያገኘው ገንዘብ ቤቱን የሚያስተዳድር ገበሬ፤ እያንዳንዱን ብር መዝኖ ማውጣቱ ግዴታው ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው ለእንደዚህ ያለው የቤተ ሰብ አለቃና ለእመቤቲቱ ምክር እንዲሆን ነው።

በአገራችን ከበሮ የሚመታበት ልማድ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በእጅ መምታት ነው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በሁለት ወገን ቆዳ የተለበጠበት፤ አንዱ አፉ ሰፊ ሁለተኛው ጠባብ ሲሆን፤ መቺው በአንገቱ አንግቶ ወይም በምድር አኑሮ በመዳፉና በጣቶቹ ይመታዋል። ዝማሬው ከዝግታ ወደ መረግድ፤ ከመረግድም ወደ ጽፋት ሲተላለፍ፤ የድምፁን ልዩነት ሁሉ የሚያወጣው እጅ ብቻ ነው። በሠርግና በዓውደ ዓመትም እናቶቻችንና እኅቶቻችን ብዙውን ጊዜ ከበሮውን የሚመቱት በእጃቸው ነው።

ሁለተኛው በመምቻ መምታት ሲሆን ይህ የነጋሪት ልማድ ነው። ነጋሪት አንድ አፍ ብቻ ያለው፤ ሆዱ እንደ ድስት የጐደጐደና በመምቻ የሚጐሰም ነው። ስሙ «ነገረ» ከሚለው ቃል የወጣ እንደ መሆኑ ሥራውም መንገር ነበር። የክተት ዐዋጅና የሹመት ቃል ለሕዝብ የሚሰማው በነጋሪት ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የመንግሥት ሕግ ማስታወቂያም «ነጋሪት ጋዜጣ» የተባለው ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. በጦርነት በወደቁበት በመተማ ምድር ለሚኖር ሰው፤ ነጋሪት የታሪክ ድምፅ እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋሪት ጐሳሚው መምቻ የሚይዘው ለጌጥ ሳይሆን፤ ድምፁ ከመዳፍ ምት ይልቅ ርቆ እንዲሰማለት ነው። እንግዲህ ከአባቶቻችን ልማድ የምናገኘው ሚዛን ይህ ነው፤ መምቻ የሚያስፈልገው እጅ ብቻውን የማያወጣው ድምፅ ሲፈለግ ነው።

የአውሮፓ ዐይነት ከበሮ በአገራችን የታወቀው በማርሽ የሙዚቃ ጓዶች አማካይነት ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያዩዋቸው አርባ ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በመንግሥት የሙዚቃ ጓድ መሥራታቸው የሚታወስ ነው፤ እስከ ዛሬም «አርባ ልጆች» ተብለው ይጠራሉ። ከዚያም ወዲህ በክቡር ዘበኛ፤ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች፤ ኋላም በየሆቴሉና በየቴያትሩ ድራም የሚባለው የከበሮ ስብስብ ተለመደ። ከእርሱም ጋራ ሙዚቀኞች «ስቲክ» የሚሉት ጥንድ መምቻ አብሮ ገባ።

የተለመደው መምቻ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ሳያውቁ በአዲሱ ላይ መፍረድ ስለማይገባ፤ ጠባዩን በአጭሩ እንገልጻለን። አብዛኛው መምቻ የሚሠራው ሂከሪ ከሚባል በሰሜን አሜሪካ ከሚበቅል ዛፍ ነው። ይህ እንጨት ሳይሰበር ብዙ ምት የሚችል፤ የምቱንም ንዝረት ለእጅ የሚያበርድ በመሆኑ ተመረጠ። «5ኤ» የሚባለው የተለመደው ልክ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር፤ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «7ኤ» ከእርሱ ይቀጥናል፤ «5ቢ» ደግሞ ይወፍራል። መምቻው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ለውበት አይደለም። ጫፉ ቆዳውን በነካ ጊዜ የተወጠረው ቆዳ መልሶ ይገፈትረዋል፤ የሠለጠነ መቺም ይህን የመመለስ ኃይል በጣቶቹ እየተቀበለ ያለ ድካም ብዙ ምት ይመታል። የጥበቡ ሥር ይህ ነው። የመምቻው ክብደት ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን መመለሱ ይዛባል፤ የተዛባውንም ለማቅናት የእጅ አንጓ ይደክማል።

አዲስ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ትክክል አይደለም። በ1958 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጆ ካላቶ የተባለ አሜሪካዊ ከበሮ መቺ የእንጨቱ ጫፍ እየተቈረሰ ቢያስቸግረው፤ በጫፉ ላይ ናይሎን የተገጠመበት መምቻ ፈጠረ። ናይሎኑ ከእንጨት ይልቅ ስለሚቈይ፤ በጸናጽሉም ላይ የጠራ ድምፅ ስለሚሰጥ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደ ሆኗል። እንደዚሁም በጃዝ ሙዚቃ ከበሮውን በለሆሳስ ለመዳበስ የሚያገለግለው የሽቦ መጥረጊያ መሰል መምቻ፤ መነሻው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ለዝንብ መግደያ የተሠራ የሽቦ ጭራ ነው። ለዝንብ የታሰበው መሣሪያ እጅም ሆነ እንጨት የማያወጣውን ድምፅ ስላወጣ ከሙዚቃ መሣሪያዎች ተራ ገባ። ቀጫጭን እንጨቶችን በአንድነት በማሰር የሚሠራውም መምቻ ድምፅን ስለሚቀንስ በጠባብ አዳራሽ ለሚጫወት ሰው ይጠቅማል። የእነዚህ ሦስቱ ጠባይ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ የታወቀ ችግር አቃልሏል።

አሁን ወደ አከራካሪዎቹ እንመለስ። የአሉሚኒየሙ መምቻ ከእንጨት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ የተበላሸውም ክፍል ሊለወጥ ይችላል። በኃይል ለሚመታና በየጊዜው እንጨት ለሚሰብር ሰው ጥቅም አለው፤ ሜታሊካ በሚባለው ስመ ጥር የሙዚቃ ጓድ ከበሮ የሚመታው ላርስ ኡልሪክ በዚህ ዐይነት መምቻ ይታወቃል። ሆኖም በእጅ ሲይዙት ስሜቱ ከእንጨት የተለየ ስለሆነ ሁሉም አይወዱትም። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ለጀማሪ የታሰበ አይደለም።

የሚበራው መምቻ ብዙውን ጊዜ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ በውስጡም ትንሽ መብራትና ባትሪ አለ። ለዚህ ዕቃም ፍትሕ ልንነፍገው አይገባም፤ በጨለማ መድረክ ላይ ተመልካችን ለማስደሰት የሚፈልግ የሙዚቃ ጓድ ቢጠቀምበት የሚያስነቅፍ አይደለም፤ እዚያ ላይ ብርሃኑ ራሱ የተፈለገው ሥራ ነውና። ለትምህርት ግን የሚጨምረው ነገር የለም። ፕላስቲኩ እንደ ጥሩ እንጨት አይመለስም፤ ባትሪውም የክብደቱን ሚዛን ይለውጣል፤ ድምፁም አይሻሻልም። ከዚህም በላይ ጀማሪ ተማሪ ጆሮውን ለምቱ መስጠት ሲገባው ዐይኑ ብርሃኑን ይከተላል።

በአየር ላይ የሚወዛወዘው መምቻ ደግሞ ድራም ለመግዛት ዐቅም ለሌለው ሰው ተስፋ የሚሰጥ ይመስላል። በስልክ ማዳመጫ ስለሚሰማ ጐረቤትን አያውክም፤ ይህ በጎ ጠባዩ ነው። ዳሩ ግን አየር መልሶ አይገፈትርም። ልጁ ከዋናው ጥበብ፤ ማለት ከመምቻው አመላለስ፤ ምንም ሳይማር ይቀራል፤ እውነተኛ ከበሮ ባገኘም ጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ በጨዋታነቱ ቢመሰገን እንጂ አስተማሪ ሊባል አይችልም።

እናቶች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ከገንዘብ የበለጠ ጉዳይ አለ። በሚበሩ መጫወቻዎች ብዙዎቹ ውስጥ እንደ ሸሚዝ ቍልፍ ጠፍጣፋ የሆነች ትንሽ ባትሪ ትገኛለች። ሕፃን ይህችን ባትሪ ቢውጥና በጕሮሮው ብትቀር፤ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የጕሮሮውን ሥጋ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፤ ለሞትም ታደርሳለች። ሕፃን ባለበት ቤት የባትሪው ክዳን በብሎን ያልተጠበቀ ዕቃ አይግባ። ሕፃኑ ባትሪ ስለ መዋጡ ጥርጣሬ እንኳ ቢኖር፤ እስኪያምመው ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ጆሮ ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች የ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ፤ ከዚያም በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በእኩሌታ እንዲቀነስ ይመክራሉ። በዚህ ስሌት ለ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ድራም ደግሞ በዝግ ክፍል ሲመታ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። በድምፅ ብዛት የጠፋ መስማት አይመለስም። እንግዲህ ለሚበራ መምቻ ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለጆሮ መክደኛ ቢውል እጅግ ይሻላል።

በቆላው አገር የሚኖር ብልህ አባት ምናልባት «እንጨት በአገራችን ሞልቶ ስለ ምን መምቻ ከሩቅ እንገዛለን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። በመተማ ቆላ የሚበቅለው ዞቢ በዓለም የተከበረ የሙዚቃ እንጨት ነው፤ ክላሪኔትና ኦቦ የሚባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች የሚሠሩት ከዚሁ ዐይነት ዛፍ ነው። ነገር ግን ዞቢ በውኃ ላይ እንኳ የማይንሳፈፍ ከባድ እንጨት ስለሆነ፤ በተለመደው ልክ የተጠረበ መምቻ ቢሠራበት ከሂከሪው እጅግ ይከብዳል፤ የልጅንም እጅ ያደክማል። ዛፉም ቀስ ብሎ የሚያድግና ከብዙ ስፍራ እየተመናመነ የሄደ ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም ከ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በቍጥጥር ሥር ይገኛል። ስለዚህ ለመጫወቻ ብሎ ዞቢ መቍረጥ አይገባም። ለመለማመጃ የሚሆን መምቻ ከወደቀ ደረቅ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ፤ ጥንዱን በክብደትና በርዝመት አስተካክሎ፤ ስንጥርጣሪ እንዳይኖረው አለስልሶ መጥረብ ይቻላል። የአገር አናጢ ይህን ለመሥራት አያቅተውም።

መማር ለሚፈልግ ልጅ የሚያስፈልገው እነሆ ጥቂት ነው። በክብደታቸው እኩል የሆኑ አንድ ጥንድ የእንጨት መምቻዎች፤ ለመምቻ ምንጣፍ የሚሆን ከአሮጌ ጐማ የተቈረጠ ቍራሽ በሳንቃ ላይ ተቸንክሮ፤ በየቀኑም ግማሽ ሰዓት የማይቋረጥ ልምምድ። ጐማው መምቻውን ይመልሳል፤ ድምፁም ትንሽ ስለሆነ ጐረቤትን አያስቈጣም። መምቻዎቹ ቀጥ ያሉ መሆናቸውን ለማወቅ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል ይበቃል፤ የጐበጠው እየዘለለ፤ ቀጥ ያለው ሳይነጥር ይንከባለላል። ልጁ በዚህ ሁኔታ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከጸና፤ ያን ጊዜ የተሻለ መምቻ ቢለምን ልመናው የዐይን አምሮት ሳይሆን የሙያ ጥያቄ ይሆናል፤ ወላጆቹም በደስታ ሊገዙለት ይገባል።

በጠቅላላው ፍርዳችን ይህ ነው። አዲስ መምቻ ሁሉ አይናቅም፤ ሁሉም ደግሞ አይታመንም። «ይህ ዕቃ የትኛውን ችግር ያቃልላል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በቶሎ ይገኛል። የናይሎኑ ጫፍ ለጽናትና ለድምፅ ጥራት፤ የሽቦው ለልስላሴ፤ የታሰረው ቀጭን እንጨት ለዝግታ፤ የአሉሚኒየሙ ለብርታት መልስ አላቸው። የሚበራው ግን ከመድረክ ጨለማ ውጭ መልስ የለውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፤ ልጁ ከልቡ ከተነሣ መምቻ አይቸግረውም። ወላጆችም ልጃቸው «ይገዛልኝ» ባለ ጊዜ ከመቈጣትም ከመግዛትም አስቀድመው፤ ተቀምጠው የልጁን ምት ይስሙለት።