የማይቸኩለው ሂሊየም

እንደ ሂሊየም ለመነቃቃት የሚያስቸግር ንጥረ ነገር የለም። ሁለቱ ኤሌክትሮኖቹ ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ላይ ተጣምረው ረግተዋል፤ አንዱን ከዚያ ለማስነሣት ቢያንስ 19.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። 24.6 ሲደርስ ኤሌክትሮኑ አቶሙን ጥሎ ይወጣል።

ወደ ላይ የወጣ ኤሌክትሮን አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይወርዳል፤ ትርፍ ኃይሉንም በብርሃን መልክ ይለቃል። 21.2 ላይ ያለው ደረጃ አማካይ ዕድሜው የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። ከሁሉም ዝቅ ብሎ 19.8 ላይ ያለው ግን በአማካይ 7,870 ሰከንድ ያህል፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆያል። በኃይል እንዲህ የሚቀራረቡ ሁለት ደረጃዎች በዕድሜ ከአሥር ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ይራራቃሉ!

ምክንያቱ ስፒን የሚባለው የኤሌክትሮን ባሕርይ ነው። በመነሻው ደረጃ የሁለቱ ኤሌክትሮኖች ስፒን ተቃራኒ ነው፤ 19.8 ላይ ባለው ግን ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው። ስፒናቸው አንድ የሆነ ኤሌክትሮኖች የታችኛውን ቦታ መጋራት ስለማይችሉ፣ ለመውረድ አንደኛው ስፒኑን መገልበጥ አለበት። የተለመደው ብርሃን የመልቀቂያ መንገድ ደግሞ ስፒን አይገለብጥም። የሚቀረው እጅግ ደካማ የሆነ መግነጢሳዊ መንገድ ብቻ ነው። 20.6 ላይ ያለውን ጎረቤቱን ስፒን አያግደውም፤ ሆኖም በአንድ ፎቶን መውረድ ስለማይችል ሁለት በአንድነት መልቀቅ ግድ ይለዋል። ዕድሜው 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

ሁለት ሰዓት የምንለው ግን ማንም ካልነካው ነው። ከመያዣው ግድግዳ ጋር ከተጋጨ የያዘውን ኃይል ወዲያው ያስረክባል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዕድሜ የለኩት አቶሞቹን በሌዘር አቀዝቅዘው፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ይዘው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ መቆየቱ የሚሰጠው ጥቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ማብቂያ አሊ ጃቫን፣ ዊልያም ቤኔት እና ዶናልድ ሄሪዮት በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የጋዝ ሌዘር ሲሠሩ የተማመኑት በዚሁ ነበር። በኤሌክትሪክ የተነቃቃው ሂሊየም ኃይሉን ይዞ ስለሚቆይ ከኒዮን ጋር እስኪጋጭ ጊዜ ያገኛል፤ ተቀራራቢ ደረጃዎች ያሉት ኒዮን ኃይሉን ተቀብሎ ጨረሩን ይሰጣል። ያ የመጀመሪያው ጨረር ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነበር። ተማሪዎች በላቦራቶሪ የሚያውቁት ቀዩ፣ 632.8 ናኖሜትር፣ በ1962 ተከተለ፤ የእሱ ኃይል የሚመጣው 20.6 ላይ ካለው ደረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች ዋስፕ-107ቢ የተባለችው ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ በሃብል ቴሌስኮፕ ተመለከቱ፤ 1083 ናኖሜትር አካባቢ የኮከቧ ብርሃን ጎድሎ ተገኘ። ብርሃኑን የዋጠው በፕላኔቷ የላይኛው አየር ውስጥ በ19.8 ደረጃ ላይ የቆየው ሂሊየም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሩቅ ፕላኔቶች አየር ወደ ጠፈር ማምለጡን ለማወቅ ይኸው መስመር ይፈተሻል።