ርካሽ የችግኝ መትከያ ዕቃን ስለመምረጥ

በኮንዶሚኒየም በረንዳው ላይ አትክልት ሊያለማ የሚሻ ሰው አዲስ የፕላስቲክ መትከያ ከመግዛቱ በፊት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጎራ እንዲል እመክራለሁ። ያገለገለ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ አናቱ ተቆርጦ ከታች ሲበሳ፣ ለሰላጣም ለቃሪያም ይበቃል። ተክሉ የዕቃውን መልክ አይጠይቅም፤ የሚሻው ጥልቀትና የውሃ መውጫ ነው። ያልተበሳ ዕቃ ውሃ አቁሮ ሥሩን አየር ስለሚነሳው ያበሰብሰዋል። ከሥር ጠጠር መደርደር የተለመደ ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ተይዞ ስለሚቀር ለሥሩ የሚተርፈውን ቦታ ያጠብባል። ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ግን፣ በነጻ ቢሰጥም እንኳ፣ ለምግብ ተክል አይሆንም፤ መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ዘልቆ ስለሚገባ እጥበት አያስለቅቀውም። ስለዚህ ሻጩን «ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱ ካላረካ ትቶ ማለፍ ነው።