የሚያብጠው ሲሊከን

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ጠዋት አዲስ አበባ ገብቶ ማታ የሚመለስ ሰው አዲስ መኪና ላስመጣ ቢል ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው፤ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ አይመጣማ። ሻጩን የሚጠይቀውም «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን በአብዛኛው የሚወስነው ውስጡ ያለ ስስ ሽፋን ነው።

ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አዮኖች ወደ አኖዱ፣ ማለትም ወደ አሉታዊው ዋልታ፣ ሄደው ይከማቻሉ። የአብዛኛው መኪና አኖድ ግራፋይት ነው፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ያው ጥቁር ነገር። አንድ ግራም ግራፋይት ቢበዛ 372 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ሲሊከን ወደ 3,600። ስድስት የካርቦን አተሞች አንድ ሊቲየም ሲያስጠጉ፣ አንዱ ሲሊከን ለብቻው አራት የሚጠጋ ያስገባል። ጥሬ ዕቃውም አሸዋ ነው። ታዲያ ግራፋይትን ለምን አልተካም?

ያብጣላ! ሊቲየም ሲጠግብ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ሲለቅ ይሟሽሻል። ግራፋይት የሚያብጠው ዐሥር በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቻርጅ ኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም አዮኖቹ የሚጓዙበት ፈሳሽ፣ አኖዱ ላይ በከፊል ይፈርስና ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ሊቲየምን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሮንን ያግዳል፤ ስለዚህ የቀረው ፈሳሽ ከመፍረስ ይድናል። ግራፋይት ላይ ሽፋኑ ረግቶ ይቀመጣል። ሲሊከን ላይ ግን ግድግዳው እንደሚንቀሳቀስ የጭቃ ቤት ልስን ነው፦ ይሰነጠቃል፣ የተራቆተው ቦታ እንደገና ይለሰናል፣ በየዙሩም ሊቲየምና ፈሳሽ ይበላል። ልስኑ ሲወፍር ባትሪው ይደክማል።

መፍትሔ ግን ይሞከራል። የሲሊከኑን ቅንጣት ከ150 ናኖሜትር በታች ማድቀቅ ስንጥቁን ያስቀራል፤ ግን የደቀቀ ነገር ገጹ ይበዛል፣ የሚለሰነውም እንዲሁ። ፍሎሮኢትሊን ካርቦኔት ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ሲጨመር ሊቲየም ፍሎራይድ የበዛበት የተሻለ ሽፋን ይሠራል፤ እሱም ቢሆን እያለቀ ይሄዳል። እኔን የሚገርመኝ ቅንጣቶቹን አያይዞ የሚይዘው ማጣበቂያ ነው፦ ጥርስ ሳሙና የሚያወፍረው፣ ከሴሉሎስ የሚሠራው ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ የሲሊከኑን ኦክሳይድ ቆንጥጦ ይይዛል፤ እያበጠ ሲሟሽሽም ቶሎ አይለቅም።

ገበያ ላይ ያለው ሲሊከን በአብዛኛው ከግራፋይት ጋር በጥቂት በመቶ የተደባለቀ ነው። ከሰበታ መርካቶ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ርቀት ጭንቀት አይደለም፤ እኔ ብሆን ግራፋይቱን እይዛለሁ። ሲሊከኑ ሱሉልታን አልፎ፣ በፍቼ አድርጎ ዓባይ በረሃን ለሚወርደው የጎጃም መንገደኛ ይሁን።