የክሬዲት ካርድ ዕዳን ከቤት ወጪ ቀንሶ መክፈል

በአሜሪካ በምንኖር ወገኖች ዘንድ ስለ ሕመም እንጸልያለን፥ ስለ ሥራ እንጸልያለን፥ ስለ መኖሪያ ፈቃድም እንጸልያለን። ነገር ግን በጸሎት ፕሮግራም ላይ ተነሥቶ፥ «የክሬዲት ካርድ ዕዳ አንቆኛል፥ ጸልዩልኝ» የሚል ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዕዳው ግን አለ። በአገሪቱ ያለው ጠቅላላ የክሬዲት ካርድ ዕዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፤ በዚህ ውስጥ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሉበትም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

እኔም ከማይናገሩት አንዱ ነበርሁ። የመጀመሪያውን ካርድ ያወጣሁት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለመማሪያ መጻሕፍት ነበር። ከዚያ አባቴ ታሟል ተብሎ ተደወለልኝና የአውሮፕላን ትኬት በካርዱ ገዛሁ። ከዚያ የመኪና ጥገና መጣ፥ ከዚያ ልጅ ተወለደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሦስት ካርዶች ነበሩኝ፤ ሦስተኛውን ባለቤቴ አታውቀውም ነበር። ስቴትመንቱ የሚመጣው በኢሜይል ስለ ሆነ መደበቁ አላስቸገረኝም። እሑድ እሑድ ስለ ታማኝነት እየሰበክሁ ሰኞ ሰኞ የካርዱን ሂሳብ ተደብቄ አይ ነበር። አንድ ምሽት ባለቤቴ የታክስ ወረቀት ስትፈልግ አገኘችው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስንት ነው?» አልነበረም። «ሌላስ አለ?» ነበር።

ይህን የምጽፈው ወጪ መቀነስ የሚጀምረው ከምግብና ከልብስ እንዳልሆነ ከዚያ ምሽት ስለ ተማርሁ ነው። ባልና ሚስት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የካርዶቹን ሁሉ ስም፥ የቀረውን ዕዳ፥ የወለዱን መጠንና የክፍያውን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ካልጻፉ፥ አንዱ ሲቆጥብ ሌላው ሲያወጣ ዓመቱ ያልቃል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለችው መበለት አበዳሪው ልጆቿን ሊወስድ በመጣ ጊዜ ጉዳዩን ለኤልሳዕ በግልጽ ተናገረች፤ ኤልሳዕም የጠየቃት በቤቷ ስላለው ነገር ነበር። የዘይቱን ተአምር ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል። ዘይቱ ከተሸጠ በኋላ ዕዳው በመጀመሪያ እንደሚከፈልና ቤተ ሰቡም በቀረው እንደሚኖር የተነገራትን ግን ብዙም አንሰብክም።

አሁን ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት፤ ብዙዎቻችን ለዓመታት ስንከፍል ይህን ሳናውቅ ነው። በአሁኑ ጊዜ የብዙ ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ የሱቅ ካርዶች ደግሞ ከ30 በመቶ የሚያልፉ አሉ። 8,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ አለብን እንበል። የወሩ ወለድ ብቻ 160 ዶላር ነው። ባንኩ ቢያንስ ክፈሉ የሚላችሁ ወለዱንና የዋናውን ዕዳ አንድ በመቶ ቢሆን 240 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ከዚህ ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው 80 ዶላር ብቻ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ይቀንሳል፤ ይህ ደግ ነገር ይመስላል፥ ወጥመዱ ግን እርሱ ነው። እየቀነሰ የሚሄደውን ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ይህን ዕዳ ለመጨረስ ሃያ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፥ ወለዱም ከ14,000 ዶላር በላይ ይሆናል።

ያው ሰው ባንኩ የቱንም ያህል ዝቅ ቢያደርግለት በየወሩ 240 ዶላር ሳይቀንስ ቢከፍል በ56 ወር ይጨርሳል። ከቤቱ ወጪ 200 ዶላር ቀንሶ 440 ቢከፍል ደግሞ በ23 ወር ይጨርሳል፥ ወለዱም ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በወር 200 ዶላር መቀነስ ለምን እንደሚያስፈልግ ሲጠይቁን ለልጆቻችን የምናሳያቸው ሂሳብ ይህ ነው። በራሳችሁ ካርድ ለማየት ከፈለጋችሁ ስቴትመንታችሁን ግለጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ መሠረት፥ ዝቅተኛውን ብቻ ብትከፍሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅባችሁና በሦስት ዓመት ለመጨረስ በወር ስንት መክፈል እንዳለባችሁ የሚያሳይ ሰንጠረዥ እዚያው ላይ መኖር አለበት። እኔ ያንን ሰንጠረዥ ለረጅም ጊዜ እያየሁ አላነበብሁትም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው። ሂሳቡን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል ሰው ለገዛው ዕቃ ወለድ አይከፍልም። ካለፈው ወር የተላለፈ ዕዳ ያለበት ሰው ግን ይህን እፎይታ ያጣል፤ ዛሬ በካርዱ የገዛው ወተትና ዳቦ ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ወጪ ከመቀነሳችሁ በፊት ካርዱን ከቦርሳ አውጡት፤ በስልካችሁና በኢንተርኔት መደብሮች ላይ ያስመዘገባችሁትንም ቁጥር ሰርዙ። አስቤዛውን በዴቢት ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ግዙ። ይህ ካልሆነ በአንድ በኩል እየቀዳችሁ በሌላ በኩል ታፈስሳላችሁ።

ወደ ቤታችን ወጪ ስንመጣ የአገሩ የገንዘብ አማካሪዎች ስለ ውጭ ቡና ብዙ ይላሉ። በቤቱ ጀበና ያለው ሐበሻ በመንገድ ላይ ለአንድ ሲኒ ቡና ያን ያህል መክፈሉ እኔንም ይገርመኛል፤ ነገር ግን ዕዳውን ያመጣው ቡናው አይደለም። በእኛ ቤቶች ገንዘቡ የሚሄድበትን እናውቀዋለን፤ ለመናገር ግን እንፈራለን።

አንደኛው ወደ አገር ቤት የሚላከው ነው። እናትና አባትን መርዳት ይቁም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም፤ አሳባችሁንም አልፈርድበትም። ነገር ግን እንዴት እንደምንልክ እንመርምር። በክሬዲት ካርድ ገንዘብ መላክ በብዙ ባንኮች ዘንድ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ይቆጠራል፤ ተጨማሪ ክፍያ አለው፥ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ይህን ዛሬውኑ ተዉት። ሁለተኛም፥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዓመት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በየወሩ 200 ዶላር ስንልክ የምናደርሰው 11,400 ብር ገደማ ነበር፤ ያው ዶላር ከ20,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የአገር ቤት ኑሮም ስለ ተወደደ ግማሹን ቁረጡ አልልም። ግን ደውላችሁ የቤት ኪራዩንና አስቤዛውን በብር ጠይቁ፥ በብርም አስባችሁ ላኩ፤ ከልማድ የተነሣ ያንኑ ዶላር እየደገማችሁ አትላኩ። ዕዳ እንዳለባችሁም ንገሯቸው። እኔ ለታላቅ እኅቴ ስነግራት አለቀሰች፤ «አንተ እኮ አሜሪካ ነህ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን በየሰበቡ የሚደወለው ስልክ ቀነሰ፥ እርሷም ራሷ ለዘመዶች ታስረዳልኝ ጀመር።

ሁለተኛው ድግሱ ነው። ምርቃት፥ ልደት፥ ሰርግ፥ የሕፃን መቀበያ፤ በአንድ የበጋ ወቅት ስንት ግብዣ እንደምንጠራ ቁጠሩ። በሌላ ስቴት ለሚደረግ ሰርግ አራት ሰው በአውሮፕላን ሄዶ፥ ሆቴል አድሮ፥ አዲስ የአገር ልብስ ለብሶ ሲመለስ ወጪው ሁሉ ካርዱ ላይ ተቀምጦ ይቆየዋል። በቤታችን የወሰንነው ለሐዘን ሁላችንም እንድንሄድ፥ ለሰርግ ግን ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው እንዲወክለን ነበር። የተቀየመን ሰው ነበር፤ አሁን ግን ታርቀናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የመኪና ኢንሹራንሳችሁን ከሁለትና ከሦስት ድርጅት ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ስልካችሁን ወደ ቅድመ ክፍያ መስመር ለውጡ። ያለፉትን ሁለት ወራት የባንክ ሂሳብ ገልጣችሁ የማታዩትን የፊልምና የሙዚቃ ክፍያ አቋርጡ። እንጀራውን ቅዳሜ በቤት ጋግሩ፤ ይህም የሴቶች ሥራ ብቻ አይደለም፥ እኔ ምጣድ ላይ መቆም የተማርሁት በዚያን ጊዜ ነው፤ ዓይን ባይኖረውም ይበላ ነበር።

ብዙ ቤቶች እዚህ ድረስ ይደርሱና ዕዳው ግን አይቀንስም። ምክንያቱም የቀነሱት ገንዘብ የትም አልሄደም፤ በባንክ ሂሳባቸው ውስጥ ቆይቶ በሌላ ነገር ያልቃል። ከኢንሹራንስ 60 ዶላር ከቀነሳችሁ በዚያው ቀን 60ውን ዶላር ወደ ካርዱ ላኩት። ወለዱ የሚቆጠረው በየቀኑ ስለ ሆነ የመጨረሻውን የክፍያ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደመወዝ በገባበት ቀን መክፈል ይሻላል። ቀኑ አልፎ ቅጣት እንዳይመጣ ዝቅተኛው ክፍያ በየወሩ በራሱ እንዲከፈል አድርጉት፥ ትርፉን በእጃችሁ ጨምሩ። በብዙ ካርዶች ላይ ዕዳ ካለባችሁ በሂሳብ የሚያዋጣው ትርፉን ሁሉ ወለዱ ከፍ ባለው ላይ ማሳረፍ ነው። እኛ ግን ትንሹን ዕዳ አስቀደምን፤ አንዱ ካርድ ሲዘጋ ማየት ያስፈልገን ነበር። ለድንገተኛ የመኪና ብልሽት የሚሆን ጥቂት መቶ ዶላርም ለብቻው አስቀምጡ፤ አለበለዚያ መጀመሪያ ጎማ በፈነዳ ቀን ወደ ካርዱ ትመለሳላችሁ።

ዕቁብ የምትጥሉ ከሆናችሁ ደግሞ ዕጣው ሲወጣላችሁ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ተስማሙ። ዕቁብ ወለድ የለውም፥ ሰውም ያፍራልና ሳያቋርጥ ይጥላል። በመጀመሪያ ዙሮች የደረሰው ሰው ገንዘቡን በቀጥታ ካርዱ ላይ ቢያሳርፍ ባለ 24 በመቶውን ዕዳ ወለድ በሌለው ለውጦታል ማለት ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው ሶፋ ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ አሥራትና ስለ መባ ሳልናገር ባልፍ ፓስተር ነህና ሸሸህ ትሉኛላችሁ። በቤታችን ዕዳ ስንከፍል መስጠት አላቆምንም፤ ነገር ግን ከገባው ደመወዝ ብቻ ሰጠን፥ አዲስ የተስፋ ቃልም አልገባንም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 8 ላይ ስለ መስጠት ሲጽፍ ሚዛኑ በእጅ ያለው ነገር ነው። በክሬዲት ካርድ የሚሰጥ፥ በወሩም መጨረሻ የማይከፈል መባ በእጃችን ካለው የተሰጠ አይደለም፤ የባንኩ ገንዘብ ነው። ዕዳችሁ እንዲሰረዝ በካርዳችሁ ዘር ዝሩ የሚል ሰባኪ ቢገጥማችሁ ካርዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት። ይህን የምለው የምታከብሩት ሰው ቢሆንም ነው።

ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ዝቅተኛው ክፍያ እንኳ የማይሞላ ከሆነ እርዳታ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ የተባለው ድርጅት አባላት ለትርፍ ያልተቋቋሙ አማካሪዎች ናቸው፤ ከባንኮች ጋር ተነጋግረው ወለዱ ዝቅ እንዲል አድርገው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚፈጅ ዕቅድ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። መክፈል አቁሙ፥ ለእኛ አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚሉትን ግን ራቋቸው። ዕዳ እናቃልላለን እያሉ በስልክ የሚሸጡ ድርጅቶች ሥራውን ሳይሠሩ ገንዘብ እንዳይቀበሉ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ ተከልክለዋል።

ሦስተኛውን ካርድ ከፍለን የጨረስነው በአራተኛው ዓመት ነበር፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰናል፤ አንዱ በሕመም፥ አንዱ በእኔ ስንፍና። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ማታ አሁንም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ እናወጣለን። ባለቤቴም «ሌላስ አለ?» ብላ መጠየቋን አልተወችም።