የመጅሊሱ ጥያቄ ለምን እስካሁን ዘለቀ?

ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች የእርስ በርስ ሰላም የተነሳ ወሬ ዞሮ ዞሮ የሙስሊሞቹ ጠቅላይ ምክር ቤት የሆነው መጅሊስ ደጃፍ ይደርሳል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። መጅሊሱም በ1968 ተመሠረተ። ሕዝበ ሙስሊሙ የጠበቀው የራሱን ቤት ነበር፤ መሪዎቹን በነፃነት የመምረጥ ዕድል ግን ለረጅም ዘመን አላገኘም። በየካቲት 1987 በዚሁ ጉዳይ በታላቁ አንዋር መስጊድ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት እስከ መቅጠፍ ደረሰ።

ቁስሉ ይበልጥ ያመረቀዘው በ2003 ነው። ሐረር ተወልደው ሊባኖስ የኖሩት ሼኽ ዐብደላህ አል-ሐረሪ ያስፋፉትን የአሕባሽ አስተምህሮ መጅሊሱ በመንግሥት ድጋፍ በሥልጠና መልክ ያሠራጭ ጀመር። በጥር 2004 መጅሊሱ የአወሊያ የሙስሊሞች ትምህርት ቤት መምህራንን ሲያባርር ተማሪው ተነሳ፤ «ድምፃችን ይሰማ» የተባለውም እንቅስቃሴ ከዚያ ተወለደ። ጥያቄዎቹ ግልጽ ነበሩ፦ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊድ ይካሄድ፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ምርጫው ግን በ2005 መጀመሪያ በቀበሌ ተካሄደ። የሕዝቡን ጥያቄ የያዘው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ከምርጫው በፊት ታስረው ነበር፤ በሐምሌ 2007 ፍርድ ቤት በ18 ተከሳሾች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ፈረደ።

በዚያ ወቅት «ሰላም» የሚለው ቃል ዝም ለማሰኘት ሲውል ብዙ ምዕመን አዝኗል። በእኔ እምነት ትልቁ በደል ይህ ነው። በቁርኣን ሱረቱል ሑጁራት የተጋጩ ምዕመናንን ማስታረቅ ትእዛዝ ነው፤ እርቁ ግን በፍትሕ እንዲሆን እዚያው ታዟል። የወሎ አባጋሮችም ቢሆኑ ደም የተቃቡትን ሲያስታርቁ በዳዩን ያስክሳሉ፤ ተበዳዩን «ተወው» ብቻ ብለው አይሸኙትም። ሱልህ (እርቅ) ማለት ይህ ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን 2011 የሃይማኖቱ ሊቃውንት የሆኑት ዑለማዎች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ለአንድነት ተስማሙ፤ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስም መጅሊሱን መሩ። በ2012 ተቋሙ በአዋጅ የሕግ ሰውነት አገኘ። የደስታው ጊዜ ግን አጭር ነበር፤ ሐምሌ 2014 ላይ ሼኽ ሐጂ ኢብራሂም ቱፋ የመጅሊሱ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የሙፍቲው ወገን ሂደቱን ተቃወመ። ሱፊና ሰለፊ የሚለው መደብ በየሰፈሩ ዳግም ተሰማ። ለዘመናት አብሮ የሰገደ ጀመዓ በዚህ ሲከፋፈል ማየት ያማል። የአቂዳ (የእምነት አስተምህሮ) ልዩነት ለዑለማዎች ውይይት የሚተው ነው፤ ሥልጣንና ንብረት ሲታከሉበት ነው ወደ ጠብ የሚለወጠው።

በነሐሴ 2017 የመጅሊስ ምርጫ በየመስጊዱ ተካሄደ፤ በ2004 የተጠየቀው ይኸው ነበር። የተመረጡት መሪዎች ያልመረጧቸውንም ወገኖች ጠርተው ያነጋግሩ፣ የዘካና የወቅፍ ሒሳቡንም ለጀመዓው ይግለጡ።