ከፍራፍሬ ማሳ ወደ ወይን ጠጅ መጥመቂያ፦ መርሳ ላይ ቢሞከርስ?

የቤተሰብን እርሻ ወደ ወይን ጠጅ መጥመቂያ መለወጥ በደቡብ አውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። በአገራችን ግን ሥራው በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ በሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳ አካባቢ፣ ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ በመስኖ የሚያለማ አንድ ቤተሰብ በዚያው መንገድ ለመጓዝ ቢነሣ ምን እንደሚጠብቀው ይመለከታል።

አየሩ ቀዳሚው መሰናክል አይመስለኝም። የካስቴል ኩባንያ ወይን ያለማበት ዝዋይ (ባቱ) ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ መርሳም ከዚያ ብዙ አትለይም። ጥንቃቄ የሚሻው ዝናቡ ነው፤ በእርጥበት ወቅት የሚበስል ዘለላ ይበሰብሳልና። በአውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛው ብርዱ ሲሆን፣ በእኛ ቆላና ወይና ደጋ ወቅቱን የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው። ስለዚህ ምርቱ በበልግና በክረምት ላይ እንዳይውል ግረዛውን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

ከባዱ ነገር ጊዜ ነው። ካስቴል ችግኙን በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያቀረበው በ2006 ዓ.ም. ነበር። ኩባንያ ይህን ያህል ዓመት ሊታገሥ ይችላል፤ በየዓመቱ ማንጎ ሸጦ የልጆቹን ደብተር የሚገዛ አባወራ ግን አይችልም።

ስፋቱም እንዲሁ ነው። አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ፍሬ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር 80 ኩንታል ይሰጣል ብንል፣ ከአንድ ጥማድ (ከሩብ ሄክታር) የሚገኘው 2,000 ጠርሙስ እንኳ አይሞላም። የመጭመቂያው፣ የጋኑና የቡሽ መክደኛው ዋጋ ግን በማሳው ልክ አያንስም። መሬት ገዝቶ መስፋፋትም አይቻልም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የሚቀረው በኪራይ መያዝ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ አንድ መጥመቂያ በጋራ ማቆም ነው።

የመጥመቅ ዕውቀት በየቤቱ አለ፤ ጠላና ጠጅ የሚጥሉት እናቶች እርሾን ያውቃሉ። ይሁንና ጠጅ በሳምንታት ውስጥ ይጠጣል፤ ወይን ጠጅ ግን አየር ሳይነካው ለወራት መቀመጥ አለበት፤ ይህ አዲስ ትምህርት ነው።

በእኔ ግምት ማንጎው አይቆረጥ። ወይኑ በመስኖው ቦይ ዳር በጥቂት መደብ ይጀመር፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሬም ሳይጠመቅ፣ በሣጥን ሆኖ ወልድያ ገበያ ይውጣ።